በእግሩ የሚመጣ እንግዳ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚያገለግሉ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የተደረገ ንግግር





ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በልማት ዕቅዳችን ውስጥ ስሙ እምብዛም የማይነሣ ነው። እርሱም በእግሩ ሊጓዝ፣ ተራራውን ሊያይ፣ በደናችን ጥላ ሊያርፍና ከማዕዳችን ሊቀምስ የሚመጣው እንግዳ ነው። ከእናንተ መካከል «በዚህ ዘመን ማን ይመጣል?» የሚል እንዳለ እናውቃለን፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መንገዱን ዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ድረስ ደረሰ። ከዚያ ወዲህም አገሩ ሙሉ ዕረፍት አላገኘም። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ጎብኚ እንዴት እንሳብ ብለን አንደክማችሁም። የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ እንግዳው በመጣ ጊዜ ምን ያገኛል? ዛሬም ቢሆን መምጣት ያላቆመው የራሳችን ምእመን በደጃችን ሲያልፍ ምን አገኘ?

የራሳችን ምእመን ያልነው ተሳላሚውን ነው። ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ የሚሄደው ከጎንደርና ከጎጃም ወገን ሲነሣ፣ ከወረታ እስከ ወልድያ የተዘረጋውን፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለውን ጎዳና ይይዛል። በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጨጨሆ አልፎ ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። ብዙው በመኪና ነው። ነገር ግን በትሩን ይዞ፣ በሶውን ቋጥሮ፣ ቀናት በእግሩ የሚጓዝም አለ። ይህ ሰው በጋይንት ምድር ውኃ የጠጣው ከየት ነው? ያደረው በማን ደጀ ሰላም ነው? የተጸዳዳው የት ነው? በየአጥቢያው የንግሥ ዕለትም ይኸው ጥያቄ አለ። ለአንድ ቀን የሚሰበሰበው ሕዝብ ከመንደሩ ነዋሪ ብዙ እጥፍ ሆኖ ሳለ አንድ መጸዳጃ ቤት የሌለው ቅጽር ጥቂት አይደለም። ስለ ጎብኚ ማሰብ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ አጠገብ ሳለ ሦስቱን እንግዶች የተቀበለበትን ሥርዓት አስቡት። አስቀድሞ እግራቸውን የሚታጠቡበት ውኃ አቀረበ፤ ከዛፉም በታች ዕረፉ አላቸው፤ ምግቡ ከዚያ በኋላ መጣ። (ጥጃና ወተት ማቅረቡ ዕለቱ ጾም ስላልነበረ ነው ብለን እንለፈው።) ውኃ፣ ጥላ፣ ማዕድ፤ እኛም ከዚህ ቅደም ተከተል ብዙ አንርቅም።

ይህ አካባቢ የሚታይ ነገር አላጣም። ፋርጣን፣ ላይ ጋይንትንና ምሥራቅ እስቴን የሚያዋስነው የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ፈልቀው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በራሱም ላይ ጅብራና አስታ ይበቅሉበታል። ከዚያ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የተጓዘ ሰው ከብርዱ የገብስ አገር ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ስማዳ ቆላ፣ ወደ ማሽላው አገር ይወርዳል፤ ከታች ዓባይና በሸሎ ገደሉን ሰንጥቀው ሲሄዱ ያያል። በአንድ ጉዞ ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን የሚያሳይ መንገድ በሌላው ዓለም በብዙ ድካም ይፈለጋል፤ እኛ ግን ለገበያ የምንመላለስበት ስለሆነ አናየውም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የዜማው ምድር ይህ ነው። የድጓ መምህር ሊሆን የሚሻ ሊቅ የሚያስመሰክረው በታች ጋይንት ቤተልሔም ነው። ዝማሬ መዋሥዕቱን የሚያስመሰክረው በዙር አምባ ነው። ቅዱስ ያሬድ በዙር አምባ እንዳስተማረ አባቶቻችን ያወርሱናል። ወደ እነዚህ ጉባኤያት ተማሪው ለዘመናት በእግሩ መጥቷል፤ ዛሬ «የእግር ጉዞ» እየተባለ የሚወራለትን ነገር ይህ ሕዝብ ከቆሎ ተማሪ ጋር ሲኖርበት ቆይቷል ማለት ነው። የውጭውም ሰው ዘግይቶ ደርሶበታል። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት በ1940ዎቹ መጨረሻ በበቅሎ ተጉዞ ቤተልሔም ሲደርስ፣ ከውጭ ክብ የሣር ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን አየ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በዚያ ክብ ቤት የተሸፈነ፣ በጥርብ ድንጋይ የታነጸ የጥንት አራት ማዕዘን ቤተ መቅደስ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ነገሩን ለዓለም አወራው። ለጋይንት ካህን ግን ይህ ግኝት አልነበረም፤ በየዕለቱ የሚቀድስበት ቤት ነበር።

ወደ ጥላው እንምጣ። በደቡብ ጎንደር ኮረብታ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የተመለከተ ሰው የሚያየው የታረሰ መሬትና የተራቆተ ተዳፋት ነው፤ በመካከሉ እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያል። ነጠብጣቡ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነት መዝግበዋል። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ከሌላው ስፍራ የጠፋው ሁሉ በታቦቱ ጥላ ሥር ተርፏል። ይህን ያቆየው የመንግሥት ጥበቃ ሳይሆን የአባቶቻችሁ ግዝት ነው።

ይሁን እንጂ ደኑ ቆሟል ማለት ይኖራል ማለት አይደለም። እነዚሁ ተመራማሪ በደብረሰናና በገላውዴዎስ አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ የተወሰነውን መሬት አጥረው፣ የተወሰነውን ለከብት ክፍት አድርገው አመሳከሩ። በታጠረው ውስጥ ዘሩ በቀለ፤ ቡቃያውም ቆየ። ባልታጠረው የበቀለው በከብት ጥርስና ኮቴ አለቀ። ትርጉሙ ግልጥ ነው፤ በብዙ ቅጽር ውስጥ ሽማግሌ ዛፍ አለ፣ ልጅ የለውም። አያቱ በወደቀ ጊዜ የሚተካው ባሕር ዛፍ ይሆናል።

ስለ ባሕር ዛፍ በቅንነት እንነጋገር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ለብዙ አጥቢያ ጣሪያ አልብሷል፣ የካህን ደመወዝ ከፍሏል። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ያቆጠቁጣል፤ ገዢ አያጣም። ሊመጣም ላይመጣም በሚችል እንግዳ ተስፋ አድርጋችሁ ያላችሁን የባሕር ዛፍ ገቢ ጣሉ ብንላችሁ ክፉ መካሪዎች እንሆናለን። የምንለው፣ ባሕር ዛፉ ከቅጽሩ ውጭ፣ ከምንጩም ርቆ በሌላ ይዞታ ላይ ይቁም ነው። የወይራው ስፍራ ለወይራው ይቅር። ወይራ ቆርጦ ባሕር ዛፍ የተከለ ሰበካ ጉባኤ የአምስት ዓመት ገቢ አግኝቶ የአምስት መቶ ዓመት ቅርስ ሸጧል።

የሌላውን አገር ልማድ ማየት አንዳንድ ጊዜ የራስን ያሳያል። በጃፓን ከቶኪዮ መሐል ከተማ በስተ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ታካኦ የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው 599 ሜትር ብቻ ነው፤ ለጋይንት ሰው ጉብታ ነው። ከከተማው በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይወጣበታል። ለምን? በተራራው ላይ እ.ኤ.አ. በ744 እንደተመሠረተ የሚነገርለት የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ። ዛፉ የተቀደሰ ስፍራ ጥላ ስለ ሆነ ተጠበቀ፤ በ16ኛው ምእተ ዓመትም የአካባቢው ገዥ እንዳይቆረጥ ከለከለ። ሃይማኖቱ ከእኛ የተለየ ነው፤ ደኑን ያተረፈው ምክንያት ግን ከእኛው ጋር አንድ ነው። ከተሜው ቅዳሜና እሑድ ይመጣል፣ ከተዘጋጁት የእግር መንገዶች አንዱን ይይዛል፣ ሲወርድም በተራራው ግርጌ ካሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ገብቶ ሶባ የሚባለውን እንደ ፓስታ ያለ ምግብ ከተፈቀፈቀ ሥራሥር ጋር ይበላል። በቤተ መቅደሱም ሥጋ የሌለበት የመነኮሳት ማዕድ ይቀርብለታል። ያም ቢሆን ሕዝቡ ሲበዛ መንገዱ እየተረገጠ ይጎዳል፤ በሰሞነ በዓላት አንዳንዱ መንገድ ለመውጫ ብቻ ተብሎ ይለያል። በተራራው ላይም የቆሻሻ ማጠራቀሚያ እንዳትፈልጉ፤ ያመጣኸውን ይዘህ ተመለስ ነው ሕጉ። ይህን የመጨረሻውን ለንግሥ በዓል ብንዋሰው አናፍርም። የታቦቱ ማደሪያ ሜዳ በማግሥቱ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሸፍኖ ስናይ ኖረናልና።

ወደ ጃፓን መሄድ ሳያስፈልግ ግን ከጨጨሆ ማዶ ያለችው መቄት ትበቃናለች። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በዚያ ወረዳ ገበሬዎች «ተስፋ» በሚባል የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ተደራጅተው በገደሉ አፋፍ ላይ፣ ጭላዳ በሚሰማራበት ስፍራ የእንግዳ ጎጆዎች ሠሩ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በመቋት ማርያም የተሠራው ነው። እንግዳው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ይሄዳል፤ ጓዙን የገበሬው አህያ ይጭናል፤ መንገዱን የአገሩ ልጅ ይመራል፤ ማታ በጎጆው ያድራል፤ ያገሩን ምግብ ይበላል። ቤቱን የሚያስተዳድረው ራሱ ማኅበረሰቡ ነው፤ በአንድ ሌሊት የሚቀበለውም እንግዳ ጥቂት ነው። ከዚህ ሥራ የምንማረው ትልቁ ነገር ይህ ትንሽነቱ ይመስለናል። ሆቴል አልገነቡም፤ አስፋልት አልጠየቁም። ጎጆውን ጎጆ፣ እንጀራውንም እንጀራ አድርገው አቀረቡት። መንገዱ በተዘጋባቸው ዓመታትም ገበሬው ማረሱን አልተወም ነበርና ከኑሮው አልተፈናቀለም። እንግዳን እንደ ድጎማ ቆጥሮ እርሻን የማይተው ሥራ ነው የሚበጀን።

ከመቄት የእኛ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ የእኛ መንገድ ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ የሚሄድ፣ ደኑንና ጉባኤ ቤቱን የሚያገናኝ ሊሆን ይችላል። በዚህም የተነሣ ጥንቃቄው ይከብዳል።

ማዕዱን በተመለከተ ዘርዘር አድርገን እንናገር፤ ሁሉ ነገር የሚሠራውም የሚበላሸውም እዚህ ነውና። አንዳንድ አጥቢያ እንግዳ መጣ በተባለ ጊዜ ከከተማ ማካሮኒና ለስላሳ መጠጥ ያስመጣል። ይህ ክብር መስሎን እንጂ እንግዳው ይህን ሽቶ ጉና ድረስ አልወጣም። የገብስ ቆሎ፣ በማር የተለወሰ በሶ፣ የተልባ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ የደጋው ድንች፣ የስማዳ ማሽላ እንጀራ በሽምብራ ሽሮ፤ ይህ የእናቶቻችን ሙያ ነው። ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን በጾም የምናሳልፍ በመሆናችንም ሥጋና ቅቤ የሌለበትን ማዕድ የማጣፈጥ ጥበብ በእጃችን አለ። ዛሬ ብዙ የውጭ ሰው ይህን ዓይነት ምግብ በገዛ ፈቃዱ ይፈልጋል። በዕለተ ዓርብ የመጣን እንግዳ ስለ ጾሙ ይቅርታ ልንጠይቀው አይገባም።

ነገር ግን የምንናገረው ስለ የትኛው አገር እንደ ሆነ አንርሳ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲ ኔት እህል ወቅቱን የሚሻገርባቸው ወረዳዎች ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ባዶ በሆነበት ቤት እንግዳን ማብላት ከሕፃን አፍ መንጠቅ ነው። ደግነቱ፣ የእግር መንገዱ የሚያምረው ዝናቡ ካለፈ፣ አደይ ካበበ በኋላ፣ ይልቁንም አዝመራው በሚሰበሰብበት ወራት ነው። በክረምት እንግዳ አንቀበልም ብሎ የወሰነ አጥቢያ አልተሳሳተም፤ መንገዱም ጭቃ ነው።

የምታበስለዋ እናት ደግሞ ዋጋዋን ትቀበል። በአጥቢያችን ልማድ ሴቶች ለንግሥ የሚደክሙት ለበረከት ነው፤ እርሱ መልካም ነው፤ ይኑር። ገንዘብ ከፍሎ ለሚበላ እንግዳ የሚሠራው ግን ሥራ ነው። እህሉን በገበያ ዋጋ፣ ድካሙን በዕለት ሒሳብ ቆጥሮ እዚያው የሚከፍል ሰበካ ጉባኤ በሁለተኛው ዓመትም አብሳይ አያጣም። ገንዘቡ በሙሉ ሙዳየ ምጽዋት ገብቶ ለእርሷ ምስጋና ብቻ የተረፈላት እንደ ሆነ ግን ማዕዱ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ለቤተ ክርስቲያኑ የሚገባው ድርሻ በቃለ ዓዋዲው ሥርዓት በደረሰኝ ይግባ፤ የአብሳይዋና የአህያ ጫኙ ዋጋ ከእርሱ ጋር አይደባለቅ። ብዙ ጥሩ ሥራ በአገራችን የፈረሰው በዚህች ትንሽ መደባለቅ ነው።

ስለ ጉባኤ ቤቶቻችን አንድ ቃል። ተማሪው ኮቸሮውን ይዞ፣ ጎጆው ውስጥ ተቀምጦ፣ ቃሉን ሲቀጽል ማየት ልብን ይነካል፤ እንግዳውም ካሜራውን ያወጣል። ተማሪው ትርዒት አይደለም። መምህሩ ሳይፈቅዱ ወደ ጉባኤ የሚገባ እግር ሊኖር አይገባም። መግባት የተፈቀደለትም ተቀምጦ ዜማውን ይስማ፤ የተራበ ሕፃን ፎቶግራፍ ይዞ አይሂድ። ከእንግዳ ከተገኘው ውስጥ ለተማሪ ቀለብና ለጎጆ ክዳን የሚውል ድርሻ ቢኖር ግን ከሁሉ የሚቀድም ነው፤ እንግዳው የመጣው ባብዛኛው ስለ እነርሱ ነውና።

ንዋያተ ቅድሳቱን ስለ መጠበቅ ለእናንተ መንገር ማብዛት ይሆንብናል። ከበሸሎ ማዶ ያለችው መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ምን እንደ ተወሰደባት ታውቃላችሁ። ያ በጦር ነበር፤ ዛሬ ብራናው የሚወጣው በፈገግታና በጥቂት ብር ነው። እንግዳ ደኑን ይጎብኝ፣ ቅኔ ማኅሌቱን በተፈቀደው ሰዓትና ሥርዓት ይይ፤ ዕቃ ቤት ግን የእንግዳ መንገድ አይደለም። ያለውን ሁሉ በመዝገብ አስፍሮ፣ ቁልፉን ከአንድ ሰው በላይ በሆነ እጅ ማኖር ከጎብኚ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

እንግዲህ ምን እንሥራ? ሐሳባችን አጭር ነው፤ እንግዳ ባይመጣም የማይቆጭ ሥራ ብቻ እንጀምር።

ካቡ እንዲህ ያለ ሥራ ነው። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አጥቢያዎች ምእመናን ከማሳቸው ድንጋይ ለቅመው የቤተ ክርስቲያኑን ደን ዙሪያውን ክበዋል። ማሳው ከድንጋይ ነጻ ሆኖ ለማረስ ቀለለ፤ ከብቱም ከደኑ ታገደ፤ ቡቃያው ተነሣ። ገንዘብ ብዙ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ጉልበትና ስምምነት ነው። ስምምነቱ ግን ቀላል አይደለም፤ በቅጽሩ ውስጥ ከብቱን የሚያሰማራው ሰው ድሃ ጎረቤታችን ነውና፣ ሣሩን አጭዶ የሚወስድበትን ፈቃድና ቀን ሳይወስኑ መካብ ጠብን መካብ ነው። ካቡ ሲታቀድም ጠባብ አድርጎ በዛፎቹ ጥግ መካብ አይበቃም፤ ደኑ ወደ ውጭ የሚሰፋበት ጥቂት ስፍራ ይተውለት።

ምንጩም እንዲሁ ነው። ከደኑ ሥር የሚፈልቀውን ውኃ አጽድቶ፣ ለከብት የተለየ ገንዳ አበጅቶ መያዝ ለመንደሩ ጤና ነው፤ ተሳላሚውም ይጠጣበታል። መጸዳጃ ቤቱ ከምንጩ በታች፣ ከቅጽሩ ውጭ፣ ለወንድና ለሴት ተለይቶ ይቆፈር። ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ የሚወስደውን የእግር መንገድ ጎርፍ እንዳይቦረቡረው ወጣቶች በበጋ ቢጠግኑት፣ ተማሪውና የታመመውን በቃሬዛ የሚያመላልሰው ሰው ያመሰግናቸዋል። ደጀ ሰላሙን አንድ ንጹሕ ክፍል ጨምሮ ማደስም ለአገልጋዩ ዕረፍት ነው፤ ለሌላው ደግሞ ማደሪያ።

ከጥቅምት በፊት በየአጥቢያችሁ እንድትመለከቱልን የምንለምናችሁ ሦስት ነገር አለ። የደናችሁን ዙሪያ በእርምጃ ለኩት። ከሽማግሌ ዛፎቹ ሥር ቡቃያ አለ ወይስ የለም፣ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከዚያም እናቶችን ሰብስባችሁ በየወሩ በቤታቸው ምን እህል እንዳለ ጠይቋቸው፤ የትኛው ወር እንግዳ የሚቀበል፣ የትኛው ወር የማይቀበል እንደ ሆነ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። መልሱን በወረቀት አድርጋችሁ በወረዳ ቤተ ክህነታችሁ በኩል አድርሱን። የካብ ሥራውን በየትኛው አጥቢያ እንደምንጀምር የምንወስነው እርሱን አይተን ነው።